ልጆች ስለ አካላቸው ምን ይላሉ? ለወሎ ትምህርት ቤቶች መጠይቅ ስንመርጥ

ባለፈው ዓመት ከሐይቅ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት የአምስተኛ ክፍል ተማሪዎችን መጠይቅ አስሞልቼ ነበር። ወረቀቶቹን ሳገላብጥ አንዱ እጄ ላይ ቀረ። «በስፖርት ጎበዝ ነኝ» ከሚለው ዓረፍተ ነገር ፊት ለፊት «በፍጹም እውነት አይደለም» የሚለውን ሣጥን ልጅቷ በእርሳስ አጥቁራዋለች፤ ደጋግማ ከመጫኗ ብዛት ወረቀቱ ሊበሳ ደርሷል። በነጋታው ጠዋት ያችኑ ልጅ ከምንጭ ስትመለስ አገኘኋት። ቢጫ ጀሪካን በገመድ አዝላ ዳገቱን አንድ ጊዜም ሳታርፍ ወጣችው። ከላይ ስትደርስ አጥሩ ሥር የተጋደመውን ግንድ ውኃው ጠብ ሳይል ተሻገረችና ከኋላዋ የቀረችውን ጓደኛዋን «ቶሎ ነይ እንጂ!» ብላ ተጣራች። ድምፅዋ አልተቆራረጠም።

የጻፈችው የምታምነውን ነው። በእሷ ዘንድ «ስፖርት» ማለት ወንዶቹ በረባዳው ሜዳ የሚራገጡት ኳስ ነው፤ ውኃ መቅዳት ሥራ ነው፤ ዳገት መውጣት መንገድ ነው። መጠይቁ የጠየቃት ስለ ኳስ ሆኖ ሳለ እኔ ነጥቧን ደምሬ «በአካል ችሎታዋ ላይ ያላት እምነት ዝቅተኛ» ብዬ መዝግቤያት ነበር። ያን መዝገብ ሰርዤ እንደ አዲስ ስነሣ ነው በየአገሩ የተዘጋጁትን መጠይቆች ጎን ለጎን አስቀምጬ ማነጻጸር የጀመርኩት። በደቡብና በሰሜን ወሎ ያላችሁ የሰውነት ማጎልመሻ መምህራን፣ በወሎና በወልድያ ዩኒቨርሲቲዎች የመመረቂያ ጥናታችሁን የምትሠሩ ተማሪዎች፣ ከመምረጣችሁ በፊት ይህን ብታነቡ እኔ ያባከንኩትን አንድ ወሰነ ትምህርት ታተርፋላችሁ።

የምንጠይቀው ስለ ምን እንደሆነ

እንግሊዛዊቷ ምሁር ማርጋሬት ኋይትሄድ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምራ ያስፋፋችው «ፊዚካል ሊትረሲ» የሚባል ሐሳብ አለ። ማንበብና መጻፍ የቻለውን ሰው «ፊደል የቆጠረ» እንደምንለው ሁሉ፣ እኔም ለዚህ ሐሳብ «የአካል ፊደል» የሚል ስም አውጥቼለት እጠቀምበታለሁ። አንድ ሰው የአካል ፊደል ቆጠረ የሚባለው ዕድሜውን ሙሉ ለመንቀሳቀስ የሚያበቃው ፍላጎት፣ በራስ መተማመን፣ የአካል ችሎታ፣ እንዲሁም የእንቅስቃሴን ጥቅም የሚረዳበት እውቀት ሲኖረው ነው። እንግዲህ ሩጫ የሚችል ነገር ግን መሮጥ የሚጠላ ልጅ ፊደሉን ገና አልጨረሰም ማለት ነው። ፈጣን ያልሆነች፣ ግን በየቀኑ ገመድ ሳትዘል የማትውል ልጅ ደግሞ ብዙ ገጽ ተሻግራለች።

ይህን በሁለት መንገድ ማወቅ ይቻላል። አንደኛው ሰዓት ይዞ፣ ሜትር ዘርግቶ ማየት ነው። ሁለተኛው ልጁን ራሱን መጠየቅ ነው። ይህ ጽሑፍ ስለ ሁለተኛው ነው። ልጁ ስለ ራሱ የሚያምነው ነገር ሰዓቱ ከሚያሳየው ጋር የግድ አይገጥምም፤ አለመግጠሙ ግን መጠየቁን ዋጋ ቢስ አያደርገውም። ዴቪድ ስቶደንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት ማብራሪያ በችሎታና በእንቅስቃሴ መካከል እንደ ድልድይ ያስቀመጡት ልጁ ስለ ችሎታው ያለውን ግምት ነው። እችላለሁ የሚል ልጅ ሜዳ ይወጣል፤ ሜዳ የሚወጣ ልጅ ደግሞ ይችላል። አልችልም ያለችው ልጅ ዳር ቆማ ስታይ ትውላለች።

ዕድሜን ግን አትርሱ። ሰባትና ስምንት ዓመት ያልሞላቸው ልጆች ራሳቸውን ከፍ አድርገው ነው የሚገምቱት፤ መጣርና መቻል ለእነሱ አንድ ነው። ከዚያ በኋላ ራሳቸውን ከእኩዮቻቸው ጋር ማስተያየት ይጀምራሉ፣ ግምታቸውም ወደ እውነታው ይጠጋል፤ አንዳንዴም ከእውነታው በታች ይወርዳል። ስለዚህ የሁለተኛ ክፍልና የሰባተኛ ክፍል ተማሪን በአንድ መጠይቅ ጠይቆ «በዕድሜ እየቀነሰ ሄደ» ማለት የልጅን አስተዳደግ አለማወቅ ነው።

በሥዕል መጠየቅ

ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል ላሉት ልጆች ያለ ማመንታት የምመክረው የሥዕል መጠይቅ ነው። ከእነዚህ ውስጥ የተሟላው በአውስትራሊያ በሊሳ ባርኔትና በባልደረቦቿ የተዘጋጀው «ፒኤል-ሲ ኩዌስት» ነው። ሠላሳ ጥንድ ሥዕሎች አሉት፤ በሥዕሎቹ ላይ የሚታዩት ጥንቸሎች ናቸው። በእያንዳንዱ ጥንድ አንደኛዋ ጥንቸል ነገሩን አሳምራ ታደርገዋለች፣ ሌላዋ ይከብዳታል። ልጁ መጀመሪያ የትኛዋ እሱን እንደምትመስል ይመርጣል፤ ቀጥሎ «በጣም ትመስለኛለች» ወይም «ትንሽ ትመስለኛለች» ይላል። በዚህ ሁለት እርምጃ ከ1 እስከ 4 ነጥብ ይወጣል፤ ሁሉም ሲደመር ዝቅተኛው 30፣ ከፍተኛው 120 ነው።

የዚህን አካሄድ ጥበብ የተረዳሁት ሁለተኛ ክፍል ውስጥ ነው። ልጅ «በሩጫ ጎበዝ ነህ ወይ?» ሲባል ጠያቂው ደስ እንዲለው «አዎ» ይላል። ሁለት ጥንቸሎች ፊት ለፊት ሲቀርቡለት ግን ሁለቱም ጥንቸሎች ናቸው፤ ያልቻለችውን መምረጥ ነውር አይሆንበትም። መሐል ላይ የሚሸሸግበት መልስም የለም። አንድ ልጅ ጣቱን ወረቀቱ ላይ አድርጎ ለረጅም ጊዜ ዝም አለና፣ «ይቺኛዋ ናት እኔ፣ ግን ትንሽ ብቻ» አለኝ። «ትንሽ ብቻ» ብሎ ራሱን የመዘነበት ፊቱ ከየትኛውም ቁጥር የበለጠ ነገረኝ።

ችግር የለበትም ማለት አይደለም። ሌላው ልጅ ጥንዱ ስለ ምንም ይሁን ስለ ምን የምትችለዋን ጥንቸል ብቻ ይመርጥ ነበር። ለምን ስለው «ጥንቸል መቼም ሩጫ ታውቃለች» አለኝ። የተጠየቀው ስለ ጥንቸሏ መስሎታል። ከዚያ ወዲህ ዋናውን ከመጀመሬ በፊት ሁለት ልምምድ አደርጋለሁ፤ «ይቺ ሽሮ ትወዳለች፣ ይቺ አትወድም፤ አንተ የትኛዋን ትመስላለህ?» እላለሁ። ሳቁ ሲያልቅ ነገሩ ገብቷቸው ያድራል።

ይዘቱም ሰፊ ነው። መጠይቁ የተቀዳው ከአውስትራሊያ የአካል ፊደል ማዕቀፍ ሲሆን፣ ሠላሳዎቹ ነጥቦች በአራት ዘርፍ ይከፈላሉ፤ አሥራ ሁለቱ የአካል፣ ሰባቱ የስሜትና የሥነ ልቦና፣ አራቱ የማኅበራዊ ኑሮ፣ ሰባቱ የእውቀት ናቸው። ሚዛን መጠበቅ፣ ቅልጥፍና፣ ጽናት በአካሉ ዘርፍ አሉ። እኔን የማረከኝ ግን ሌላው ነው፤ ከቦታ ጋር ያለ ቁርኝት፣ ከሌሎች ጋር ተባብሮ መሥራት፣ ሕግን ማክበር፣ ከማኅበረሰብና ከባህል ጋር የተያያዘ እንቅስቃሴ ሁሉ ይጠየቃል። በጦሳ ሥር ያደገ ልጅ ስለ ጋራው፣ የሐይቅ ልጅ ስለ ባሕሩ፣ የላሊበላ ልጅ ስለ ገና ጨዋታ የሚያወራበት በር ከእነዚህ ጥያቄዎች ውጭ በሌላ መጠይቅ ሲከፈት አላየሁም።

ዋጋው ጊዜ ነው። አንድ ልጅ ለብቻው ሲጠየቅ ሩብ ሰዓት ያህል ወስዶብኛል። ስልሳ ተማሪ ባለበት ክፍል ይህ አሥራ አምስት ሰዓት ነው። አንድ ክፍለ ጊዜ በአርባ ደቂቃ ቢታሰብ ከሃያ ሁለት ክፍለ ጊዜ በላይ ይሆናል። ስለዚህ መላውን ክፍል አትመኙ፤ ከስም ዝርዝር በየአራተኛው አንድ ልጅ እየቆጠራችሁ አሥራ አምስት ልጆች ውሰዱና በደንብ ጠይቁ። ሥዕሎቹ ባለቤት ስላላቸው አዘጋጆቹን ፈቃድ መጠየቅም ግዴታ ነው።

ከዚሁ ቤት የወጣ አንድ ታናሽ መጠይቅ አለ፤ የእንቅስቃሴ ክህሎት ግምትን ብቻ በሥዕል የሚጠይቅ ነው። ሩጫ፣ ዝላይ፣ መወርወር፣ መቅለብ፣ መለጋት የመሳሰሉ አሥራ ሁለት ክህሎቶችን ይዞ እ.ኤ.አ. በ2015 ቀርቧል። ስለ ፍላጎትና ስለ ጓደኝነት አይጠይቅም። ይሁንና ልጁ የሚያምነውን ከሚያደርገው ጋር ለማስተያየት ለሚፈልግ መምህር ምቹ ነው፤ ክህሎቶቹ ሜዳ ላይ በዓይን ከሚመዘኑት ጋር አንድ ለአንድ እንዲገጥሙ ተደርገው ነው የተመረጡት። በዱላ ኳስ መምታት የሚለው ክህሎት በእኛ አገር ባዳ ይመስላል፤ ልጆቹን «እንደ ገና ጨዋታ» ስትሏቸው ግን ወዲያው ይገባቸዋል።

ፕሌይሰልፍና የበረዶው ጥያቄ

ማንበብ ለለመዱት፣ በተለይ ከአምስተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ላሉት፣ የካናዳው «ፕሌይሰልፍ» የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው፤ ነገር ግን እንዳለ አይወሰድም። ሰባት ዓመት ከሞላው ጀምሮ ልጅ ራሱ የሚሞላው ቅጽ ሲሆን፣ ከድረ ገጻቸው በነጻ ይገኛል።

የመጀመሪያው ክፍል ልጁ በስድስት ቦታዎች ምን ያህል ጎበዝ እንደሆነ ይጠይቃል፤ በአዳራሽ ውስጥ፣ በውኃ ውስጥና ላይ፣ በግግር በረዶ ላይ፣ በአመዳይ በረዶ ላይ፣ ከቤት ውጭ፣ በመጫወቻ ሜዳ። ለካናዳ ልጅ ስድስቱም ቤቱ ናቸው። በደላንታ ወይም በወረኢሉ ደጋ ላለ ልጅ ግን «በረዶ» አንድ ቃል ነው፣ ትርጉሙም በክረምት ሰማዩ ጠቁሮ ጣሪያውን የሚደበድበው ነው። ጥያቄውን ሳልለውጥ ያነበብኩለት አንድ የስድስተኛ ክፍል ልጅ ግራ ተጋብቶ አየኝና፣ «መምህር፣ በረዶ ሲጥልማ ከብቶቹን ወደ ዋሻ ነው የምናስገባቸው» አለኝ። መልሱ ትክክል ነበር፤ ጥያቄው ነው የተሳሳተው። «ሞክሬው አላውቅም» የሚል ምርጫ እንዳለ እርግጥ ነው። ይሁን እንጂ ከስድስት ሁለቱን ፈጽሞ የማያውቃቸው ልጅ ድምሩ በከንቱ ይወርዳል።

እኔ ሁለቱን በረዶዎች አውጥቼ «በዳገትና በቁልቁለት» እና «በድንጋያማ ወይም በጭቃ መንገድ» የሚሉትን ተክቻለሁ። አዳራሹም በአብዛኛው ትምህርት ቤት ስለሌለ «በትምህርት ቤት ግቢ» ብዬዋለሁ። ውኃውን አልነካሁም፤ የሐይቅና የአርዲቦ ዳርቻ ልጆች ዋና ያውቃሉ፣ የደጋው ልጅ ደግሞ አለማወቁ ራሱ ቁም ነገር ነው። እንዲህ ካደረጋችሁ በኋላ ግን ቁጥራችሁን ከካናዳ ቁጥር ጎን አታስቀምጡ። የተለወጠ መጠይቅ ሌላ መጠይቅ ነው፤ በጥናት ጽሑፋችሁ ውስጥ ምን እንዳወጣችሁና ምን እንዳስገባችሁ በግልጽ ጻፉ።

ሁለተኛው ክፍል አሥራ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች አሉት፤ ልጁ ስለ መማር ፍጥነቱ፣ ስለ ድፍረቱ፣ ስለ ጭንቀቱ፣ ስለ ደስታው ይመልሳል። እዚህ ውስጥ «ስፖርት» የሚለውን ቃል ባገኛችሁበት ሁሉ ቁሙ። እኔ «ስፖርት፣ ጨዋታ ወይም ሰውነት የሚያንቀሳቅስ ሥራ» ብዬ አስፍቼዋለሁ። የሐይቋን ልጅ ጉዳይ የፈታው ይህ ነው፤ በአዲሱ ቅጽ ስትጠየቅ ስለ ጽናት ያሉትን ሁሉ ከፍተኛውን መርጣለች። ኳስን በስሙ ለይቶ የሚጠይቀው ዓረፍተ ነገር ላይ ግን እንደ ቀድሞው ዝቅ አለች። «ለምን?» ስላት አንገቷን ደፍታ «ሰጥተውኝ አያውቁም» አለችኝ። አሁን መጠይቁ ሁለት ነገር ለየልኝ፤ አካሏን ታምነዋለች፣ ሜዳው ግን የእሷ እንደሆነ አታምንም። የመጀመሪያው ድምር ሁለቱን አንድ ላይ ደፍጥጦ ነበር ያስቀረው።

ሦስተኛው ክፍል በሌሎቹ መጠይቆች የማይገኝ ሀብት ነው። ማንበብና መጻፍ፣ ሒሳብ፣ እንዲሁም እንቅስቃሴ በትምህርት ቤት፣ በቤት ከቤተሰብ ጋር፣ ከጓደኞች ጋር ምን ያህል ዋጋ እንዳላቸው ልጁ ይመዝናል። በደሴ ከተማ ካነጋገርኳቸው ልጆች ብዙዎቹ እንቅስቃሴን ከጓደኞች ጋር ከፍ፣ በቤት ውስጥ ዝቅ አድርገውታል። ወላጆችን ለስብሰባ ስትጠሩ ይህን አንድ ገጽ ይዛችሁ ግቡ። ልጃቸው በቤታቸው ስለሚሰጠው ቦታ የተናገረውን ሲሰሙ ዝም የማይል አባት አላየሁም። አንድ አዛውንት «እኛ እኮ ከኳስ በፊት ጥናት ያልነው ለእሱው ብለን ነው» አሉ፤ እውነታቸውን ነው፣ ውይይቱም የተጀመረው ከዚያው ነው።

ሌሎቹ፣ በአጭሩ

«ካፕል-2» የሚባለውም የካናዳ ነው፤ ከ8 እስከ 12 ዓመት ላሉ ልጆች ተዘጋጅቷል። ከ100 ነጥብ ውስጥ 30ው ለአካል ችሎታ፣ 30ው ለዕለት ተዕለት እንቅስቃሴ፣ 30ው ለተነሳሽነትና በራስ መተማመን፣ 10ሩ ለእውቀት ነው። ሙሉውን ለመሥራት የ20 ሜትር የምልልስ ሩጫ፣ በክርን ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ መቆየት፣ የቅልጥፍና ዙር፣ ለሰባት ቀን ወገብ ላይ የሚታሰር የእርምጃ መቁጠሪያ ያስፈልጋል። መቁጠሪያ መሣሪያ ያለው ፕሮጀክት ካላችሁ ይህን የሚያህል የተሟላ የለም። ከሌላችሁ የተነሳሽነቱን መጠይቅ ብቻ ነጥሎ መውሰድ ይቻላል፤ አሥራ ሁለት ጥያቄ ነው፣ ክፍሉ በሙሉ በአንድ ክፍለ ጊዜ ይጨርሰዋል። ነገር ግን ከ30ው ብቻ ያገኛችሁትን «የአካል ፊደል ውጤት» ብላችሁ አትጥሩት።

የሱዛን ሃርተር የልጆች የራስ ግምት መለኪያ ከሁሉም ዕድሜ ጠገብ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1985 ወጣ። 36 ጥያቄ፣ ስድስት ዘርፍ አለው፤ ከስድስቱ አንዱ ብቻ ነው ስለ ስፖርት ችሎታ የሚጠይቀው። «አንዳንድ ልጆች እንዲህ ናቸው፣ ሌሎች ልጆች ግን እንዲያ ናቸው» የሚለውን ዘዴ ያስተዋወቀችው ራሷ ሃርተር ናት፤ የጥንቸሎቹም ዘዴ ከእሷው ነው የተቀዳው። በአማርኛ ሲጻፍ ግን ዓረፍተ ነገሩ ይረዝማል። የአራተኛ ክፍል ልጅ ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ሲደርስ የመጀመሪያውን ረስቶታል። ስለ ፍላጎትና ስለ እውቀት የሚያነሣውም ስለሌለ ለእኛ ጉዳይ ዋና ምርጫ አላደርገውም።

ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች «ፒፒኤልአይ» አለ። ሆንግ ኮንግ ውስጥ ሬይመንድ ሰምና ባልደረቦቹ መጀመሪያ ለሰውነት ማጎልመሻ መምህራን አዘጋጅተውት እ.ኤ.አ. በ2016 አወጡት፤ ቆይቶ በ2018 በታዳጊዎች ላይ ተፈተሸ። ዘጠኝ ጥያቄ ብቻ ያለው፣ በአምስት ደረጃ የሚመለስ ነው፤ እውቀትና መረዳትን፣ ራስን መግለጽንና ከሌሎች ጋር መግባባትን፣ የራስ ስሜትንና መተማመንን ይለካል። ለብዙ ሺህ ተማሪ በአጭር ጊዜ ለሚበተን ጥናት ጥሩ ነው። ከሰባተኛ ክፍል በታች ግን አልሰጠውም፤ ቃላቱ የተጻፉት አዋቂን ታሳቢ አድርገው ነው።

አማርኛው ራሱ የሚያመጣው ጣጣ

የትኛውንም ብትመርጡ ወደ አማርኛ ስትመልሱት ሦስት ነገር ይገጥማችኋል። መጀመሪያ ጾታ። እንግሊዝኛው ወንድና ሴትን በአንድ ቃል ይጠራል፤ እኛ «ትችላለህ» ወይም «ትችያለሽ» ማለት አለብን። «ትችላለህ/ሽ» ብሎ በዘንግ መጻፍ ልጆችን ያደናቅፋል፤ ሴቶቹም ከዘንጉ በኋላ የተንጠለጠለችውን «ሽ» አይተው መጠይቁ በመጀመሪያ ለወንድ እንደተጻፈ ይገባቸዋል። መፍትሔው ዓረፍተ ነገሩን በልጁ አፍ ማድረግ ነው፤ «እችላለሁ»፣ «ደስ ይለኛል»፣ «እፈራለሁ» ጾታ አይለዩም። ለሥዕሎቹ ደግሞ ለሴት ልጅ «ይቺ ጥንቸል»፣ ለወንድ ልጅ «ይህ ጥንቸል» እያላችሁ አንብቡ።

ሁለተኛው ይሉኝታ ነው። ራሱን የሚያወድስ ልጅ በእኛ ዘንድ ባለጌ ይባላል። «በጣም ጎበዝ ነኝ» በል ተብሎ ወረቀት ሲሰጠው ያሳደገችው አያቱ ከኋላው የቆመች ያህል ይሰማዋል። አምስት ምርጫ ካቀረባችሁለት መሐለኛዋ ላይ ያርፋል፤ «ደህና» ማለት ከሁሉም ያድናልና። በዚህ ምክንያት ነው መሐል የሌላቸውን መጠይቆች ለወሎ ልጅ የምመርጠው። መሐል ያላቸውን ከተጠቀማችሁ ሁሉም «ደህና» ያለበትን ውጤት እንደ እርካታ አትቁጠሩት።

ሦስተኛው የሚያነበው ሰው ነው። ውጤት የሚሰጠው መምህር ፊት ለፊት ቆሞ «የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ደስ ይለኛል» የሚለውን ሲያነብ ክፍሉ በአንድ ድምፅ ምን እንደሚመልስ ታውቃላችሁ። ሌላ መምህር ያንብብ፤ ሴቶቹን ሴት ብትጠይቃቸው ደግሞ ይመረጣል።

ትርጉሙን አንድ ሰው ወደ አማርኛ፣ የመጀመሪያውን ያላየ ሌላ ሰው ተመልሶ ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰው፤ ልዩነቱ የታየበትን ቦታ ተቀምጣችሁ አስተካክሉ። ከዚያ ለአምስት ልጆች ብቻ አንብቡና «ይህ ምን ማለት መሰለህ? ምን መሰለሽ?» ብላችሁ በራሳቸው ቃል ያስረዱ። የበረዶው ነገር የተገለጠልኝ በዚህ መንገድ ነው። በከሚሴና በባቲ በኩል ላሉ በአፋን ኦሮሞ ለሚማሩ ልጆች ቆማችሁ በቃል አትተርጉሙ፤ የራሱ ጽሑፍ ይዘጋጅለት።

አንድ ተጨማሪ ነገር። ጦርነቱ በ2014 ዓ.ም. ወደ ደሴና ወደ ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ ልጆች የነበሩ ዛሬ በክፍላችን ተቀምጠዋል። «ከቤት ውጭ መጫወት ያስፈራኛል» ያለ ልጅ ስለ ችሎታው የተናገረ አይምሰላችሁ። እንዲህ ያለ መልስ ሲገጥማችሁ ነጥቡን ትታችሁ ልጁን ለብቻው አነጋግሩት።

እኔ ብሆን

ከአንድ እስከ አራተኛ ክፍል፣ ጥቂት ልጆችን በጥልቀት፤ ባለ ሠላሳው የጥንቸል ሥዕል። ከአምስት እስከ ስምንተኛ፣ ሙሉ ክፍል፣ ገንዘብ ሳይኖር፤ የተስተካከለው ፕሌይሰልፍ። ልጁ የሚያምነውንና እኔ የማየውን ማስተያየት ከፈለግሁ፤ ታናሹን የክህሎት ሥዕል ከሜዳ ምልከታ ጋር። መሣሪያና ረዳት ካገኘሁ፤ ካፕል-2ን በሙሉ። ሁለት መጠይቅ ደርቦ በአንድ ቀን መስጠትን ግን አልመክርም፤ ልጅ ሲሰለች ከላይ እስከ ታች አንድ ዓምድ ላይ ምልክት ያደርጋል።

ነጥቡን በሮስተር ላይ እንዳታስገቡት እለምናችኋለሁ። ስለ ራሱ በእውነት ተናግሮ በዚያው ማርክ የተቀነሰበት ልጅ ሁለተኛ እውነት አይነግራችሁም። ደረጃ አውጥቶ ግድግዳ ላይ መለጠፍም እንዲሁ ነው። ድምሩን ሳይሆን እያንዳንዱን ጥያቄ ተመልከቱ፤ ሴቶች ሁሉ የወረዱበት፣ ከሩቅ መንደር የሚመጡት ሁሉ የወጡበት ጥያቄ ካለ ለሚቀጥለው ሳምንት ትምህርታችሁ አቅጣጫ የሚሰጠው እሱ ነው። እኛ ያደረግነው ለሴቶች ብቻ የሚሰጥ የኳስ ክፍለ ጊዜ በሳምንት አንድ ቀን መመደብ ነበር፤ ኳሷንም ከቢሮ የምታወጣውና የምትመልሰው ያቺው የሐይቅ ልጅ ሆነች።

ጊዜውንም አስቡበት። በረመዳንና በዐቢይ ጾም የሚጾሙ ልጆች ስለ ጉልበታቸው ሲጠየቁ የሚመልሱት ከሌላው ወር ይለያል፤ በፈተና ሳምንትም እንዲሁ። በገበያ ቀን ግማሹ ክፍል ይቀራል፣ የሚቀሩትም ብዙ ጊዜ ሥራ የሚበዛባቸው ናቸው። እኔ ጥቅምትን እመርጣለሁ፤ ክረምቱ ወጥቷል፣ ሜዳው ደርቋል፣ አጨዳው ገና አልበረታም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ለአሥር ልጆች ያንኑ መጠይቅ ድጋሚ ስጡ። መልሳቸው ከፊተኛው እጅግ ከራቀ ወደ ትርጉሙ ተመልሳችሁ መጀመሪያ የተደናቀፉበትን ቃል ፈልጉ።